እንደ ሙሉ ጀሪካን የሚከብድ ዘር፦ የሲሼልሱ ኮኮ ደ ሜር

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ወር ለሥራ ሲሼልስ ደርሼ ተመለስኩ። ስለ ባህሩና ስለ አሸዋው አልጽፍም፤ ፎቶውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ ዛፍ ነው። እዚህ ችግኝ ወዳድ ብዙ ስለሆነ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም።

ዛፉ ኮኮ ደ ሜር ይባላል። በፈረንሳይኛ የባህር ኮኮናት ማለት ነው። የዘንባባ ወገን ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው በዓለም ላይ በሁለት ደሴቶች ብቻ ነው፤ ፕራሊን እና ኩርየዝ በሚባሉ። ሲሼልስ ከመቶ በላይ ደሴቶች አሏት። ከዚያ ሁሉ ሁለቱ ብቻ!

ከዋናው ደሴት ከማሄ ወደ ፕራሊን በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ቫሌ ደ ሜ የሚባል ሸለቆ አለ። ሃያ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1983 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። መግቢያው ላይ ሰው እያነሳ እንዲሞክረው የተቀመጠ ዘር ነበር። እኔም ተራዬን ጠብቄ ጎንበስ አልኩ። ሁለት እጄን ከሥሩ አስገብቼ ብድግ ላደርገው ስል ወገቤ እምቢ አለ። ትዝ ያለኝ ልጅ ሆኜ ከቦኖ ውሃ የምቀዳበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካን ግን እጀታ አለው። ይሄ ጥቁር ቡናማ፣ ለስላሳ፣ መሀሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነገር ነው፤ መያዣ የለውም። በመጨረሻ ደረቴ ላይ አስደግፌ አነሳሁት። ሕፃን እንደመታቀፍ ነው።

በዓለም ላይ ካሉት ዘሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ዘሩ ብቻውን 17 ኪሎ ተኩል ገደማ የመዘነበት ጊዜ አለ። ከነልጣጩ ፍሬው እስከ 42 ኪሎ ደርሷል። ዛፉ ላይ ሆኖ ለመብሰል ደግሞ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ፍሬው ገና ይወድቃል ማለት ነው።

ሸለቆው ውስጥ ሳለን ዝናብ መጣ። አንድ ትልቅ ቅጠል ሥር ተጠለልኩ። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ እጥፋት እጥፋት ያለው ነው። ከላዬ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ይንኳኳል፤ እኔ ላይ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ዞር ስል ግንዱ ላይ ውሃው ኩልል ብሎ ይወርዳል። ንጹህ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ብጥስጣሽ ቅጠል፣ ብናኝና የወፍ ኩስ የተቀላቀለበት ቡናማ ውሃ ነው። ለምን እንደዚህ ይሆናል ብዬ አስጎብኚውን ልጠይቀው ስል ሌላ ቡድን መጣና ሳልጠይቀው ቀረሁ። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ባዮሎጂ_መምህር

እህቴ፣ ሳታውቂው የነገሩን ሁሉ ቁልፍ አይተሻል።

ያየሽው አሸንዳ ነው። ቤት ስንሠራ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ በርሜል ውስጥ እንዲገባ እናደርግ የለ? ዛፉም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ቅጠሉ ከነዘንጉ እስከ 10 ሜትር ይረዝማል። እጥፋቱ ውሃውን ወደ ዘንጉ፣ ዘንጉ ወደ ግንዱ፣ ግንዱ ወደ ሥሩ ያወርደዋል። ቅጠሉ ላይ ያረፈው ብናኝና ኩስ ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ለሥሩ ማዳበሪያ ይሆነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ይሄን ለክቶታል። ግንዱ ሥር ያለው አፈር ሁለት ሜትር ርቆ ካለው አፈር ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ 50 በመቶ የበለጠ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተገኝቶበታል። የደሴቱ አፈር እኮ ደሃ ነው፤ ከግራናይት ድንጋይ የወጣ፣ ዝናብ ሲያጥበው የኖረ። እንደዚህ ያለ አፈር ላይ የዓለምን ትልቁን ዘር ማብቀል የሚቻለው እያንዳንዷን ጠብታ በመሰብሰብ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ዛፉ በውስጡ ያለውን አብዛኛውን ፎስፈረስ መልሶ ይስባል። ባዶ ቅጠል ነው የሚጥለው። አዲሱንም ቅጠል ሲሠራ ቆጥቦ ነው። ለራሱ አካል ይሰስታል፤ ያጠራቀመውን ለፍሬው ያውላል። ተማሪዎቼ ፊት ይሄን ሳስረዳ አንዷ «እንደ እናቴ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ተማሪ_ነኝ

ይበላል ግን?

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር

ሳይበስል ውስጡ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ነጭ ነገር አለው፤ እሱ ይበላል አሉን፣ ጣፋጭ ነው። እኔ አልቀመስኩም። ሲበስል ግን የዝሆን ጥርስ ያህል ይጠነክራል፤ ጥርስ አይገባውም። አንድ ነገር ላክል፦ ዛፉ ሴትና ወንድ አለው። ወንዱ እስከ 30 ሜትር ይረዝማል። አበባው ከአንድ ሜትር በላይ ሆኖ ይንጠለጠላል። ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት።

የአገሬው ሰዎች ዕፁብ ተረት አላቸው። ማዕበል ባለበት ሌሊት ወንዶቹ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቅለው ወደ ሴቶቹ ይሄዳሉ ይባላል። ያንን ያየ ሰው በሕይወት አይተርፍም። ነፋስ ሲነሳ እነዚያ ደረቅ ቅጠሎች ሲንኳኩና ሲፋጩ ሰምቻለሁ። በቀን ሆኖ እንኳ ልብ ያርዳል። በሌሊት የሰማው ሰው ተረት ቢፈጥር አይገርመኝም።

ባዮሎጂ_መምህር

ተረቱ የመጣው እውነተኛ ጥያቄ ስላለ ነው። የወንዱ አበባ ብናኝ ሴቷ ጋ እንዴት እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ዛሬም ቁርጥ ያለ መልስ አላገኙም። ነፋስ፣ ንብ፣ አበባው ላይ የሚመገቡ እንሽላሊቶች፣ ሁሉም ይጠረጠራሉ።

የድሮ_ጋዜጣ

እኔ በታሪኩ በኩል ልምጣ።

ሰው ዛፉን ከማወቁ በፊት ያወቀው ፍሬውን ነው። ባዶ ቅርፊቱ በህንድ ውቅያኖስ ላይ እየተንሳፈፈ ማልዲቭስ ዳርቻ ይወጣ ነበር። ዛፉን በየብስ ያየ ሰው ስለሌለ ከባህር ሥር የሚበቅል ዛፍ ነው ተባለ። ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ማልዲቪካ» የሚል ቃል አለ፤ ማልዲቭስ ውስጥ ግን አንድም ዛፍ በቅሎ አያውቅም። ስህተቱ ስም ሆኖ ቀረ።

የማልዲቭስ ንጉሥ ዳርቻው ላይ የተገኘውን ሁሉ የራሱ ንብረት አደረገው። መርዝ ያረክሳል ተብሎ ስለሚታመን አውሮፓ ውስጥ ነገሥታት ጽዋ ያሠሩበት ነበር። ቅዱስ የሮማ ግዛት የሚባለው አገር ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ ለአንድ ፍሬ 4,000 የወርቅ ፍሎሪን አቅርቦ ነበር ይባላል። በእሱ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1602 ከዚህ ፍሬ የተሠራ በወርቅ የተለበጠ የብር ማንቆርቆሪያ ዛሬም ቪየና ሙዚየም ውስጥ አለ። በፋርስ ደግሞ ደርቪሾች፣ ማለትም ዓለምን የናቁ መናኞች፣ ቅርፊቱን የምጽዋት መለመኛ ያደርጉት ነበር። አንዱን ዕቃ ንጉሥም ለማኝም በእጁ ይዞት ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1768 ፈረንሳዮች ፕራሊን ላይ ዛፉን አገኙት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ካፒቴን መርከቡን በፍሬ ሞልቶ ህንድ ወስዶ አራገፈው። ዋጋው ወዲያው ወደቀ። ለዘመናት የነገሥታት የነበረ ነገር በአንድ ጭነት ተራ ዕቃ ሆነ። የዛፉ መከራም ከዚያ ጀመረ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እኛ የሚጠጋውን ልንገራችሁ። ጄኔራል ጎርደንን ታውቁታላችሁ፤ ለግብፁ ገዥ ለከዲቩ ሱዳንን ያስተዳድር የነበረው እንግሊዛዊ። እ.ኤ.አ. በ1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ አፄ ዮሐንስን ያነጋገረው እሱ ነው። ሳይስማሙ ተለያዩ። ያው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ፕራሊን ሄደ። ቫሌ ደ ሜ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተለወጠበት። ይሄ ሸለቆ ኤደን ገነት ነው አለ። ኮኮ ደ ሜርን መልካሙንና ክፉውን የምታሳውቀው ዛፍ ናት ብሎ ጻፈ፣ ካርታም ሠራ። ከዚያ ካርቱም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1885 በማህዲስቶች፣ ማለትም በሱዳኑ ማህዲ ተከታዮች፣ ተገደለ። ከአራት ዓመት በኋላ አፄ ዮሐንስም መተማ ላይ በእነሱው እጅ ወደቁ።

ከጎንደር

ጋሼ የድሮ ጋዜጣ፣ እግዜር ይስጥልን። ጎርደን ገነትን ፍለጋ ሲሼልስ መሄዱን አላውቅም ነበር። ነገር ግን በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ አዳምና ሔዋን የበሉት ዕፀ በለስ ነው። ሕፃን ሳለሁ አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል እያሳዩኝ በለስ ነው ያሉኝ። መጽሐፉም ከገነት የሚወጣውን ግዮንን «የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል» ይለዋል። ሰውየው እኮ ዓባይን ላይ ታች ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ግዮንን አጠገቡ ትቶ ባህር ማዶ ሄደ። ደግሞ እስከ 42 ኪሎ የሚመዝን ፍሬ ሔዋን እንዴት አድርጋ ቀጥፋ ለአዳም ትሰጠዋለች?

የድሮ_ጋዜጣ

ልክ ነህ። በሱ ዘመንም ይሄንኑ ጥያቄ ያነሱበት ነበሩ። እኔ ግን ሸለቆው ውስጥ ገብቶ እንዲያ ማሰቡ ይገባኛል። ዕድሜውን በጦርነት ያሳለፈ ሰው ነው።

ዴይራ_ዱባይ

ሰላም ወገኖች። እኔ እዚህ ዱባይ የምሠራበት አካባቢ አንድ ሱቅ ይሄን ነገር ተቆራርጦ ደርቆ ሲሸጥ አይቻለሁ። ለሳል፣ ለወንድ ጉልበትም ጭምር ይሆናል አሉኝ። ዋጋው ግን አይቀመስም። ሙሉውን ፍሬ ገዝቶ አዲስ አበባ ቢያመጡት ለሳሎን ጌጥ የሚገዛ አይጠፋም ብዬ ነበር። ሰው የሚገዛው የሴት ዳሌ ስለሚመስልም ነው። ምን ትላላችሁ?

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር

ወንድሜ፣ እባክህ አታድርገው። በቅን ልብ እንደጠየቅክ አውቃለሁ፤ እኔም ሊገዛ ከሚፈልግ ሰው አንዷ ነበርኩ። ለእናቴ ልወስድላት ብዬ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ዋጋውን በጣም ቀነሰልኝ። ቁጥር የተለጠፈበት ምልክትና ወረቀት የታለ ስለው «ጨርቅ ጠቅልለሽ ሻንጣሽ ውስጥ ክተቺው» አለኝ። ደንግጬ ወጣሁ። በሕግ የሚሸጠው እያንዳንዱ ፍሬ የመንግሥት ምልክትና የምስክር ወረቀት አለው። ዋጋው በመቶዎች ዶላር ነው። ያለ ወረቀት ከተያዘ ይወረሳል፣ ባለቤቱም ይጠየቃል።

የሕጉ ነገር ይቅር እንበል። ሸለቆው ውስጥ ሲያዞሩን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የወደቀው ፍሬ ሁሉ ቢለቀም በእናቲቱ እግር ሥር ምን ይበቅላል?

ባዮሎጂ_መምህር

ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። በዱር የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ዛፎች ወደ 8,000 ገደማ ናቸው። ዝርያው ለመጥፋት ከተጋለጡት መዝገብ ውስጥ ነው። ሲሼልስም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ውስጥ አስገብታዋለች። 8,000 ለአንድ ዝርያ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ገምቱ። አንዳንዱ ቀበሌያችን ከዚያ በላይ ሰው አለው።

ፍሬው ራሱ ከአገሩ መውጣት አይችልም። ሕይወት ያለው ዘር ባህር ላይ አይንሳፈፍም፤ ድንጋይ ሆኖ ይሰምጣል፣ ጨው ውሃውም ይገድለዋል። ማልዲቭስ የሚደርሰው ውስጡ በስብሶ ባዶ የሆነው ቅርፊት ነበር። ነገሥታቱ በወርቅ የገዙት ሁሉ የሞተ ዘር ነበር ማለት ነው። ዘሩን ወስዶ ሌላ ቦታ የሚጥልለት እንስሳም የለም። ቢበዛ ቁልቁለት ላይ ከወደቀ ይንከባለላል። ስለዚህ የሚበቅለው እዚያው፣ እናቱ ጥላ ሥር ነው። ማዳበሪያ የተሰበሰበውም እዚያው ነው። የዘሩ መግዘፍም ከዚህ ጋር ይያያዛል ተብሎ ይታሰባል፤ ጥላ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በራሱ ስንቅ መኖር የሚችለው ያሸንፋል።

ዴይራ_ዱባይ

ገብቶኛል። ስለ ዘሩ ሳላስብ ነው የጠየቅኩት። አመሰግናለሁ።

ባሮ_ማዶ

ጋምቤላ ነኝ። እኛ ጋ ያለው ረጅሙ ዘንባባ፣ መሀል ግንዱ ላይ ሆድ ያወጣው፣ ከዚህኛው ጋር ይዛመዳል? ቅጠሉ ያው እንደ ማራገቢያ ነው። ፍሬው የሕፃን ጭንቅላት ያህላል፤ ሲበስል ብርቱካናማ ይሆናል፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል።

ባዮሎጂ_መምህር

ይዛመዳል እንጂ! የቅርብ ዘመድ ነው። የእናንተው ሳይንሳዊ ስሙ ቦራሰስ ኤቲዮፐም ነው፤ ስማችን የተጻፈበት ዘንባባ። አፋር ውስጥ ሴቶች ከቅጠሉ ምንጣፍ የሚሠሩበት ዶም የሚባለውም የዚሁ ወገን ነው። ልዩነቱን ተመልከት፦ የጋምቤላውን ፍሬ ዝሆን ይውጠዋል፣ ሄዶ ሌላ ቦታ ከፋንድያው ጋር ይጥልለታል። የሲሼልሱ ዝሆን የለውም። ደሴቶቹ ከህንድ ጋር አንድ ከነበረ መሬት የተገነጠሉት ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗል። ዛፉ እዚያ ለብቻው ቀረ።

ባሮ_ማዶ

አሁን ዝሆኑም እየጠፋ ነው እዚህ። ስለዚህ የእኛም ዘንባባ ልጁን የሚሸከምለት እያጣ ነው።

ተማሪ_ነኝ

አርባ ምንጭ ሞቃት ነው፤ እዚያ ቢተከልስ? ስሪላንካ ውስጥ ፔራዴኒያ በሚባለው የዕፅዋት ማዕከል ኮኮ ደ ሜር አለ ሲባል አንብቤያለሁ።

ባዮሎጂ_መምህር

ፔራዴኒያ አለ፣ እውነት ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል፤ በጋ የሚባል ነገር አይችልም። ለመብቀል ብቻ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። ልጄ፣ አርባ ምንጭ ላይ የአገሩን ዛፍ ትከል። ስለ እጣን ዛፍ የሚያውቅ ሰው ካለ እዚህ ጋ ቢገባበት ደስ ይለኛል፤ እሱም ልጁን እያጣ ያለ ዛፍ ነውና ብዙ ይመሳሰላሉ።

ቋራ_መተማ

ጠርታችሁኛል መሰለኝ። አባቴ እጣን ለቃሚ ነበር። እኔም ከ14 ዓመቴ ጀምሮ አብሬው በረሃ ወርጄአለሁ።

መምህር እንዳሉት ነው። የእኛ አካባቢ የእጣን ዛፍ ሲታይ ደን ይመስላል። ገብታችሁ ዕድሜውን ስታዩ ግን ሁሉም ሽማግሌ ነው። ትንንሽ ችግኝ ክረምት ላይ ይወጣል፤ በጋ ሲመጣ ወይ ከብት ይበላዋል ወይ እሳት ይጨርሰዋል። ክንድ የሚያህል ወጣት ዛፍ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ትልልቆቹ ደግሞ ቅርፊታቸው እላይ በላይ ይቆሰላል፤ ሳይድን ሌላ ቁስል። አባቴ በአንድ ዛፍ ላይ የተወሰነ ቦታ ብቻ ነበር የሚነካው። ሌላ ዓመት ሙሉ ያሳርፈው ነበር። ከሱ በኋላ የመጡ ኮንትራክተሮች እንደዚያ አላደረጉም።

ስለዚህ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትልልቁን ዛፍ ነግረሽናል፣ ፍሬውንም። እኔ ጫካ ስገባ መጀመሪያ የማየው ትንንሹን ነው። ለመሆኑ የሚያድግ ልጅ አየሽ?

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር

ወንድሜ፣ አይቻለሁ። መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ እሱን ነበር።

መንገዳችን ዳር አንድ የሞተ ግንድ ቆሞ ነበር፤ ጥቁር በቀቀን ጎጆ የሚሠራበት። የአገሩ ብሔራዊ ወፍ ናት። አስጎብኚው እዚያ አቆመንና መሬት አሳየን። አንድ ዛፍ ከወደቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የቆመበት ግን እስካሁን አለ። ልክ እንደ ሙቀጫ የተጎደጎደ ጠንካራ ነገር ነው፤ ዙሪያው እንደ ወንፊት የተበሳሳ። በቀዳዳዎቹ ነበር ሥሮቹ የሚያልፉት። ዛፉ ሲሞት ሙቀጫው ለአስርት ዓመታት ሳይበሰብስ ይቀራል።

ከሙቀጫው ትንሽ ራቅ ብሎ ከመሬት አንድ ቅጠል ብቻ ወጥቷል። አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ ገና ያልተዘረጋ፣ ከወገቤ በላይ ይደርሳል። ሥሩን ስፈልግ ዘር የለም። «ዘሩ የት አለ?» አልኩት። ወደ ኋላ አሳየኝ። አራት እርምጃ ያህል ርቆ፣ በደረቅ ቅጠል ግማሹ ተሸፍኖ ተጋድሟል።

ለካ ዘሩ ሲበቅል ከመሀሉ ስንጥቅ እንደ ገመድ ያለ ነገር ያወጣል። ገመዱ መሬት ውስጥ ገብቶ ሜትሮች ይሄዳል፤ ጥላው ሳሳ ያለበት ቦታ ለማግኘት ይሁን ከእናቱ ሥር ለመራቅ። ቡቃያው የሚወጣው ጫፉ ላይ ነው። ከዚያ ለዓመታት ምግቡ ከዘሩ በዚያ ገመድ ይሄድለታል። እትብት ማለት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከኛ ጋር የነበረች ሴትዮ ፎቶ ልታነሳ ወደ ቡቃያው ጠጋ ስትል አስጎብኚው ክንዷን ያዘ። ገመዱ የሚያልፍበትን መስመር በዱላ ጫፍ አሳየን። ከዘሩ እስከ ቅጠሉ፣ ምንም የማይታይ አፈር። ሁላችንም በተራ ያንን መስመር እግራችንን አንስተን ተሻገርነው።